አርባ አንድ ሺህ መስመር

ብርኖ፣ ከስቭራትካ ወንዝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣
አንድ ማሽን አለን፣ ሲለፈልፍ ውሎ
ሲለፈልፍ የሚያድር።
ሥራው ቁርጥራጭ ኮድ ሰብስቦ መግጠም ነው፣ የሊፍት ፕሮግራም፤
ግን አንዲት ፋይል ሲያነሳ «አነሳሁ» ሳይል አይቀርም፣
ሲያስቀምጥ «አስቀመጥሁ»፣ ሲዘልል «ዘለልሁ»፣
ያልሠራውን እንኳ «ይህን አልነካሁም፣ ትናንት ሠርቻለሁ»።

አርባ አንድ ሺህ መስመር በአንድ ግንባታ፣
እንደ ክረምት ጠፈጠፍ፣ ጠዋትና ማታ።
ስክሪኑ ይሮጣል፣ ዓይናችን ይቀራል፤
ያነበበው የለም። ማን ጎርፍ ይቆጥራል?

ራዲም፣ አለቃችን፣ አንድ ቀን በጥር
«ይህ ወሬኛ» አለኝ «እስቲ ምላሱን እሰር።»
እኔም ደስ አለኝ። ምላስ የምታስረው አንዲት ቃል ብቻ ነች፣
ከትእዛዙ ጫፍ ላይ «ጸጥ በል» ከተባለች ሁሉን ታፍናለች።
ጻፍኋት።
በማግስቱ ጠዋት ግንባታው ሲያበቃ
አንድ ቃል ታየ፦ «ተሳክቷል»። በቃ።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልሁ፣ በሥራዬ ኮርቼ፣
ባዶውን ስክሪን እንደ ተጠረገ ደጅ ደጋግሜ አይቼ።

ቦህዳና፣ ፈታሿ፣ ግን ደስ አላላትም፤
«ዝም ያለ ልጅ» አለች «ወይ ተኝቷል፣ ወይ አንድ ነገር ሰብሯል፤ ሌላ የለም።»

መጋቢት ላይ፣ ሊሼን ሰፈር፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤት
በሦስትና በአራት መካከል ቆመ የኛ ሊፍት።
ውስጡ ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ የፒያኖ መምህርት፣
ከሁለት ኪሎ ድንችና ከድመቷ መድኃኒት ጋር፣ ለአራት ሰዓት።
ስትወጣ አልጮኸችም፤ ኮቷን አራገፈች፣
«ግድግዳው ላይ ጣቶቼን ሳለማምድ ነበር፣ መቼም» አለች።

ያን ሌሊት የማሽኑን ልጓም ፈትቼ
አርባ አንድ ሺውን መስመር አስለፈለፍሁት፣ ብቻዬን አምሽቼ።
ሠላሳ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሁለተኛው መስመር ላይ
ማስጠንቀቂያ ቆሟል፣ ሠርግ እንደገባ ድሃ፣ ቆሞ የማይታይ፦
«የበሩ ሰዓት ቆጣሪ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል።»
የቆዩትን መዝገቦች ገለጥሁ። ከኅዳር ጀምሮ፣ በየቀኑ ብሏል።
ከኅዳር!
እኔ ጸጥ በል ከማለቴ ሁለት ወር ቀድሞ፣
በራሱ ጩኸት መሐል ሲናገር፣ ሲናገር ከርሞ።

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤
አርባ ሺህ ጊዜ የተናገረስ? ማን ጆሮ ሰጥቶታል?

አሁን አዲስ ደንብ አለ። ከቦህዳና ጋር ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን፣
ሲሳካ አንዲት መስመር፤ ማስጠንቀቂያ ካለች ግን
በቀይ፣ ለብቻዋ፣ ከሁሉ በኋላ እንድትቆም ፈረድን።
የቀረው ልፍለፋ ወደ ፋይል ይወርዳል፣ እንደ እህል ጎተራ፣
ክፉ ቀን እስኪመጣ፣ አንባቢ እስኪጠራ።
ራዲም «ቀዩ በዛ» ይላል ከወዲሁ። እውነቱን ነው ምናልባት፤
የለመዱት ቀይ ግራጫ ይሆናል፤ ያኔ እንደገና ጭቅጭቅ፣ እንደገና ሦስት ሌሊት።

የዚህ ከተማ ካቴድራል፣ ከኮረብታው ራስ፣
የስድስት ሰዓቱን ደወል በአምስት ነው የሚያሰማው፣ እስካሁን ድረስ።
የድሮ ከበባ ነው ይሉሃል ምክንያቱ፤ ማንም አያርመው፣
ሰው ሁሉ ሰምቶት ያልፋል፤ የለመደ ጆሮ ነው።

ትናንት፣ ከዚያ ሥር፣ ትራም ስንጠብቅ፣
ደወሉ ዐሥራ ሁለቱን መትቶ ሲያልቅ፣
ቦህዳና «እንዴት ነህ?» አለችኝ።
«ደህና» አልሁ።
በቋንቋዬ ቢሆን «ይመስገን» እጨምር ነበር፤
ያም ያው፣ አንዲት መስመር።
ትራሙ መጣ። አልተሳፈረችም።
«ሌላውስ?» አለች። «የት ፋይል ውስጥ ነው ያለው?»

«ከኅዳር ጀምሮ...» አልኋት።